አዮ የገባችበት በር

ማክሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም። መብራት አለ። ኔትወርኩ ከማለዳ ጀምሮ አልተቋረጠም። ስድስቱም ኮምፒውተሮች ይሠራሉ፤ ተፈታኝ የለም። ለፎቶ ኮፒ የመጣ አንድ ሰው ብቻ፣ እሱም የመታወቂያውን ጀርባ ማስነሳት ረስቶ ከመንገድ ተመለሰ። ኦቦ ጂሎ ከሱቁ ፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

ውድ እህቴ ሀሚዳ፣ ከላይ ያለው ዛሬ ጠዋት ማስታወሻዬ ላይ ያሰፈርኩት ነው፤ እንዳለ ገለበጥኩልሽ። ታውቂኛለሽ፣ ቀኑን ሳልመዘግብ ሌላ ነገር ከእጄ አይወጣም። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ የናይሮቢው የኢስሊ ሱቅሽ ደረጃ አሁንም ያስነክስሻል ወይስ ወደ ምድር ቤት ወረድሽ? ባለቤትሽ ሚክዳድ ሳሉ ለቀቀው? ዒምራን ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ረመዳን በር ላይ ነውና በሰላም ያስጀምራችሁ፤ ጾሙን ለሁላችሁም ቀላል ያድርግላችሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ጤና ነን። ዝናቡ ገና ነው፤ ከፊልቱ በኩል የሚመጡት ፍየሎች ከስተዋል፣ ባለቤቴ ሀሺም እነሱኑ ሊያይ ከሄደ ሰነበተ። እናታችን አዮ ደህና ናት፤ ስለ እሷ ወደ ኋላ ላይ እመጣለሁ፣ ደብዳቤው የእሷም ነገር ስለሆነ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ በተደወለ ቁጥር አዮ «ሀሚዳ ናት? ስጪኝ» ስለምትል ነው። ያንቺ ድምፅ ከሆነ ከሦስት ክፍል ማዶ ትሰማለች። የድምፅ መልእክት ብልክልሽ ደግሞ ሱቅሽ ውስጥ ከፍተሽ ደንበኛው ሁሉ ይሰማዋል፤ አንቺንም አውቅሻለሁ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩት፣ የጭነት ሹፌሩ ጉራቻ ሞያሌ ድረስ ጭኖ ስለሚሄድ እዚያ ለሚያውቀው የናይሮቢ ሹፌር ይሰጥልኛል። ስታነቢው ተቀምጠሽ አንብቢው። የልጅሽ የፉዚያ ሥራ ጉዳይ አለበት።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አባታችን ቆዳ ያስቀምጥበት የነበረውን መጋዘን ታስታውሺዋለሽ። ግድግዳውን አስለስኜ፣ ኖራ አስቀብቼ ኮምፒውተር አስገባሁበት ብዬሽ ነበር። በመስከረም አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ፈለገኝ። ለቆላው አርብቶ አደር የከብት ኢንሹራንስ የሚሸጥ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ለከብቱ መኖ መግዣ ይከፍላል። ከእረኞቹ ጋር በስልክ የሚነጋገሩለት ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚያውቁ ልጆች ይቀጥራል። ለመቅጠር ደግሞ ፈተና አለው፤ ፈተናው በኢንተርኔት ነው፣ የሚፈተኑበት ክፍል የእኔ ሆነ። ከዚህ በፊት የቦሬው ልጅም የፊልቱዋም ሐዋሳ ድረስ ወርደው ነበር የሚፈተኑት።

ፈተናው እንደ ድሮው ወረቀት አይደለም። ልጁ ገብቶ መታወቂያውን ለካሜራው ያሳያል፤ ካሜራው ፊቱን ከመታወቂያው ጋር ያስተያያል። ስልኩን እኔ ተቀብዬ ቦርሳ ውስጥ እቆልፋለሁ። ከዚያ ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል፤ ከፈተናው ሌላ ምንም አይከፈትም። ፈተናው እስኪያልቅ ካሜራው ያየዋል፣ ማይኩ ይሰማዋል። ፊቱን ቢያዞር ይመዘገብበታል፣ ከንፈሩ ቢንቀሳቀስ ይመዘገብበታል። በየወንበሩ መሃል ኮምፖርሳቶ አቁሜያለሁ፣ ከየወንበሩ ኋላ መጋረጃ ሰቅያለሁ፤ ካሜራው ከልጁ በቀር ሌላ ነገር እንዳያይ እነሱ ናቸው ያዘዙኝ። እኔ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ማውራት ለእኔም ክልክል ነው።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። ደንባቸው ክፍሉ አንድ በር ብቻ ይኑረው ይላል። የእኛ መጋዘን ሁለት እንዳለው አንቺም ታውቂያለሽ፤ አንዱ ወደ ሱቁ፣ አንዱ ወደ ግቢ። ክፍሉን በስልክ ካሜራ እያዞርሽ አሳዪን ሲሉኝ የግቢውን በር በትልቁ ቁም ሳጥን ጋረድኩት። አራቱን ግድግዳ አዩ፣ ጥሩ ነው አሉ፣ ፈረምኩ። በሩን በብሎኬት ልዘጋው እችል ነበር። ግን የአዮ መንገድ ነው። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጠዋት ከክፍሏ ወጥታ፣ ግድግዳውን በእጇ ይዛ፣ በመጋዘኑ አቋርጣ ነው በረንዳው ላይ ፀሐይ ለመሞቅ የምትወጣው። ወደ መንገድ በሚያወጣው የግቢው መዝጊያ ብትወጣ ኮረኮንቹና ቱቦው አለ። ስለዚህ ካዩልኝ በኋላ ቁም ሳጥኑን ወደ ጥግ አስገፋሁት። የፈተና ቀን ሲሆን ፉዚያ አዮን ቀደም ብላ በረንዳው ላይ ታስቀምጣትና አብራት ትውላለች። ነገሩ እንዲህ እየሆነ በሰላም ሄደ።

ይህ ነገር በሆነበት ቀን ግን ፉዚያ ራሷ ተፈታኝ ነበረች። ዘመዴ መሆኗን ለድርጅቱ ነግሬያለሁ፤ ካሜራው እስካያት ድረስ ግድ የለም አሉኝ። አዮን እንድትይዝልኝ ጎረቤታችንን ቦጋለችን ለመንኳት፣ እሺ ብላ መጣች። ስድስቱን አስገብቼ ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ቦጋለችን ለቅሶ ጠሯት፤ አዮ አንቀላፍታለች ብላ ሄደች። እኔ ይህን አላወቅኩም። መቀርቀሪያው ደግሞ ከግቢ በኩል ነው።

ልጆቹ እየጻፉ ሳለ በሩ ተከፈተ። አዮ ምርኩዟን ይዛ ገባች። ሀሚዳ፣ እኔ ብዙ ነገር ገጥሞኛል፤ በድርቁ ጊዜ መንገድ ላይ ጭነት ተገልብጦብኝ እንኳ ቆሜ አስነስቻለሁ። ያን ጊዜ ግን ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ። «አዮ ተመለሺ» ብል የስድስቱም ማይክ ይይዘኛል። እጄን አወዛወዝኩላት፤ እሷ እጄን የት ታየዋለች? ከመጋረጃዎቹ ኋላ በግድግዳው ታክካ መጣች፣ መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። የሰው ትንፋሽ ሰማች፣ የጣት ድምፅ ሰማች። «ናጋ ቡልታኒ?» አለች፣ በሰላም አደራችሁ ስትል።

ማንም አልመለሰላትም። ሰው በሞላበት ቤት ሰላም ብላ መልስ ስታጣ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። ጥቂት ጠበቀችና «እዚህ ቤት ያላችሁት ሰዎች አይደላችሁም እንዴ?» አለች በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ። ለመቆጣት አልነበረም፤ ፈርታ ነው።

ይሄኔ ከመጨረሻው ወንበር አንድ ልጅ ተነሳ። ዱጋሳ ይባላል፣ ከወደራ ገጠር የመጣ የኦቦ ጂሎ ልጅ። መጋረጃውን ገልጦ ወጣ፣ እጇን በሁለት እጁ ያዘ፣ ጎንበስ አለ። «ናጋ ቡሌ፣ አዮ» አላት። አዮ እንደሆነች ታውቂያለሽ፣ ሰላምታ ጀምራ አታቋርጥም። ሰዉ ናጋ? ናጋ። ልጆቹ ናጋ? ናጋ። ከብቱ ናጋ? ናጋ። አገሩ፣ ውሃው፣ ሣሩ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉንም ጠየቀችው፤ ሁሉንም መለሰ። አንዱን አልዘለለም፣ አላቻኮላትም። ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ እየቆጠረበት ነው። ከዚያ እጇን ራሱ ላይ አድርጋ ረዥም ምርቃት መረቀችው፤ ለእያንዳንዱ አሜን አለ። ክንዷን ይዞ ወደ ግቢው በር መልሶ አወጣት፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀጠለ።

ፈተናው ሲያልቅ ስልኩን ስመልስለት «ችግር አለው እንዴ፣ እትዬ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ምንም የለውም» አልኩት። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

ከቀናት በኋላ ውጤት መጣ። ፉዚያና አንዲት የፊልቱ ልጅ አልፈዋል። ፉዚያ ከሁሉም በላይ አምጥታለች፤ ከረመዳን በኋላ ሥራ ትጀምራለች ተብሏል። ይህን በስልክ ነግሬሽ እልል ብለሻል። ያልነገርኩሽ በዚያው ቀን ስለ ዱጋሳ የመጣውን ነው። በማታለል ተጠርጥሯል፣ የፈተና ጣቢያው፣ ማለት እኔ፣ ማብራሪያ ይጻፍ ይላል።

የድርጅቱ የፈተና ኃላፊ ወይዘሮ ማሚቱ ትባላለች፤ ስደውልላት ጨዋ ናት፣ ድምፅዋም ደስ ይላል። እንዲህ አለችኝ፤ «ወይዘሮ ቀድሪያ፣ ድምፁን አስተርጉመን ሰማነው። አንዲት ሴትዮ ትጠይቃለች፣ ልጁ አንድ ቃል እየደጋገመ ይመልሳል። የደህንነት ክፍላችን ምልክት ነው ብሏል።»

«የምን ምልክት?»

«የመልስ ነዋ! ሰው ሲባል ሀ፣ ከብት ሲባል ለ ሊሆን ይችላል። መቼም በፈተና መሃል ሣሩ ደህና ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጤነኛ የለም።»

እኛ አገር አለ ልላት ነበር። ሳልላት ቀጥላ ዋናውን አመጣችው። «ሴትዮዋ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። ያለው አንድ በር ነው፣ በሩ ላይ እርስዎ ነዎት፤ ብትገባ ያዩዋት ነበር። ስለዚህ ልጁ ስልክ ደብቆ አስገብቷል ማለት ነው። ተነስቶ የሄደውም ኔትወርክ የተሻለበት ቦታ ሊፈልግ ይሆናል። እርስዎ ማንም አልገባም ብለው ይፈርሙልኛል፣ እኛ ፋይሉን እንዘጋለን።» ፋይሉ ሲዘጋ ልጁ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩ። ዳግመኛ እዚህ አይፈተንም፣ ከእነሱ ጋር አብረው የሚሠሩ ቀጣሪዎችም ስሙ ይደርሳቸዋል አለችኝ።

እንደ ዋዛ አድርጌ፣ ሰው ገብቶ ቢሆንስ አልኳት። «እንዴት ይገባል? ከገባማ ክፍሉ ክፍት ነበር ማለት ነው። የስድስቱም ውጤት ይሰረዛል፣ ጣቢያውም ይዘጋል። ያለፉትም ሐዋሳ ሄደው እንደ አዲስ ይፈተናሉ፣ ያኔ ቦታ ካለ። እንዲህ ያለ ነገር የለም አይደል?» የለም አልኳት? አላልኳትም። መስመሩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት።

አየሽ እንዴት እንደተያዝኩ። ማንም አልገባም ብዬ ብፈርም እናታችንን ሰላም ያለ ልጅ ሌባ ተብሎ ይቀራል። ገብታለች ብዬ ብጽፍ ልጅሽ በላቧ ያገኘችውን ቦታ በገዛ እጄ ነጥቄ፣ የፊልቱዋንም ልጅ አብሬ ጥዬ፣ ክፍሉንም አዘጋለሁ። ነጋዴ ነኝ፣ ሁልጊዜ አንድ ሦስተኛ መንገድ አይጠፋኝም። ፈለግኩት። ለዱጋሳ ሌላ ሥራ አፈላልጌ ባስገባውስ አልኩ፤ ስሙ ከተበላሸ በኋላ የት አስገባዋለሁ? ቦጋለች በመስኮት ተጣርታ ነው ልበል? ክፍሉ መስኮት እንደሌለው እነሱም አይተዋል። ማሚቱን ነገ ዛሬ እያልኩ አቆየኋት። የመጨረሻው ቀን ረቡዕ፣ ማለት ነገ፣ ነው ብላ ትናንት ጽፋልኛለች።

የመጀመሪያው መልእክት የመጣ ዕለት ደንግጬ ያደረግሁትንም ልንገርሽ። ክፍሉን እንደገና አሳዪን ይሉኛል ብዬ ቁም ሳጥኑን ወደ በሩ አስመለስኩት፣ እንዳይነቃነቅም የወረቀት ካርቶን ሞላሁበት። በማግስቱ አዮ ጠዋት ተነስታ እንደ ልማዷ መጣች። ከዚህ ሆኜ እሰማታለሁ። መቀርቀሪያውን ከፈተች፣ ገፋች፣ እምቢ አላት። እንደገና ገፋች። ከዚያ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ወዲያና ወዲህ ስትሄድ ይሰማኛል። የተሳሳተች መስሏታል እኮ! አባታችን ካገባት ጀምሮ የኖረችበትን ቤት። «ፉዚያ፣ በሬን አጣሁት» ብላ ስትጣራ ደብተሬን ይዤ ሱቁ ውስጥ ደርቄ ቀረሁ። ፉዚያ ሮጣ በግቢው መዝጊያ፣ በቱቦው ዳር፣ እየደገፈች አዞረቻት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው የምትወጣው። በሩ ምን ሆነ ስትለኝ እንጨቱ አብጦ ነው እላታለሁ። በዚህ ደረቅ ወቅት እንጨት እንደማያብጥ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ደግሞ ስለዚያ ልጅ መጠየቋን አልተወችም። «ያ ሰላም ያለኝ የማን ልጅ ነው? አነጋገሩ የአባታችሁን ይመስላል። ሥራውን አገኘ?» ትለኛለች። ገና አልታወቀም እላለሁ።

ኦቦ ጂሎ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ልጃቸው ተጠርጥረሃል የሚል ወረቀት ደርሶት ነግሯቸዋል። እዚህ ዘመድ ቤት አርፈው ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ጭቅጭቅ አይፈልጉም። «አካም፣ ቀድሪያ? ናጋ?» ይላሉ፣ ናጋ እላቸዋለሁ፣ ባለቤቴን ይጠይቃሉ፣ ፍየሎቹን ይጠይቃሉ፣ ቤቱን ሁሉ ይጠይቃሉ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ሻይ ስልክላቸው ይጠጣሉ። ፀሐይ ሲበረታ ምርኩዛቸውን ይዘው «በሰላም ዋይ» ብለው ይሄዳሉ። ቢጮሁብኝ መልስ ነበረኝ። ሽማግሌ ቢልኩብኝ ከሽማግሌ ጋር መነጋገር እችላለሁ። እሳቸው ግን ሰላም ነው የሚሉኝ፤ ሰላም ነው ብዬ በመለስኩ ቁጥር እየዋሸሁ ነው።

ባለፈው ዓርብ ፉዚያ አዮን አምጥታ እዚያው አግዳሚ ላይ፣ ከእሳቸው ጎን አስቀመጠቻት። ፉዚያ ማን እንደሆኑ አታውቅም ነበር። እኔ ባንኮኒው ጋ ሆኜ ወረቀት እያስተካከልኩ ነው። ሰላምታቸው ተጀመረ፤ ረዥም ነው፣ ሁለቱም አዋቂዎች ናቸው። ከወደራ ነኝ ሲሏት አዮ ደስ አላት። «ከእናንተ አገር የመጣ አንድ ልጅ አለ» አለቻቸው፤ «የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ዲዳ ሆኖ ሳለ ተነስቶ ሰላም አለኝ። ማን እንደወለደው ባውቅ እናቱን እመርቅ ነበር።»

እጄ ላይ ያለው ወረቀት ቆመ። አሁን ይነግሯታል አልኩ። ልጄ ነው፣ አንቺን ሰላም ብሎ ነው ስሙ የጠፋው ቢሏት አዮ እዚያው አግዳሚው ላይ ትቀራለች። መብታቸውም ነበር። ኦቦ ጂሎ ነገሩ የገባቸው መሰለኝ፤ ልጃቸው አንዲት ማየት የተሳናት እናት ገባች ያላቸው ይህቺ መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያወቁት። ዞር ብለው በሱቁ በር በኩል እኔን አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም አስተያየታቸው።

«የእኔ ልጅ ነው፣ አዮ» አሏት። «እናቱም ደህና ናት፣ ምርቃትሽን እነግራታለሁ።»

«ያንተ? ታዲያ ሥራውን አገኘ?»

«ጉዳዩ ልጅሽ እጅ ላይ ነው» አሉ። «ጥሩ እጅ ነው፣ አይደል?»

«የቀድሪያ እጅ? እሷማ እንዴት ያለች ሰው መሰለችህ!» አለች አዮ፣ እየሳቀች። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወሩ።

በዚያ ቀን ማስታወሻዬ ላይ ምንም አልጻፍኩም። መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ባዶ የቀረ ገጽ ያ ብቻ ነው።

እሁድ ዕለት ፉዚያን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። የማሚቱን ነገር አታውቅም ነበር። በመጀመሪያ ተቆጣችኝ። «አክስቴ፣ እኔ እኮ አላታለልኩም! ቁም ሳጥኑን የገፋሽው አንቺ፣ የሄደችው ቦጋለች፣ የተነሳው እሱ። እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች። ምንም አላጠፋሽም አልኳት፣ እውነቷን ነው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ ሌላ ነገር አለችኝ። «አዮ ከኋላዬ ስታልፍ ምርኩዟ ወንበሬን ነካው። እሷ እንደሆነች አውቄያለሁ። ሰዎች አይደላችሁም እንዴ ስትልም ሰምቻታለሁ። ዓይኔን ከስክሪኑ አላነሳሁም።» ልጄ፣ ደንቡ እኮ ነው አልኳት። «ለእሱም ደንቡ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገረችኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ አዮን ታዞራለች፣ እኔን ግን አታየኝም። ልጅሽ ናት፣ ስታኮርፍ አንቺኑ ትመስላለች።

ዛሬ ጠዋት ክፍሉን ልጠርግ ገብቼ ያየሁትን ልንገርሽ። የወረቀቱ ካርቶኖች በሙሉ ወለሉ ላይ፣ በግድግዳው ዳር ተደርድረዋል። ቁም ሳጥኑ ባዶ ነው፤ መዝጊያዎቹ ተከፍተዋል። ፉዚያ ለብቻዋ ልትገፋው ሞክራ ይሆናል፣ እግሩ ሲሚንቶውን ጭሮታል፤ አልሆነላትም። እሷ ጓሮ ልብስ እያጠበች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና መጭመቋን ቀጠለች።

ስለዚህ እንዲህ ወስኛለሁ። ፈቃድሽን እየጠየቅኩ አይደለም፤ ደብዳቤው ሲደርስሽ ነገሩ አልቋል፣ ብትቆጪም አይመለስም። ነገ ጠዋት ቁም ሳጥኑ ይነሳል። አዮ በራሷ መንገድ ስትወጣ ከመቀርቀሪያው ጀምሬ እስከ በረንዳው ድረስ በስልኬ እቀርጻታለሁ። ሰላም ስትለኝም እመልስላታለሁ፣ አንዱንም ሳልዘል፣ ማሚቱ ከነሣሩ ትስማው። ሁለተኛውን በር የደበቅኩት እኔ መሆኔን፣ ልጁ ስልክ እንዳልነበረው፣ ስልኩ እኔ በቆለፍኩት ቦርሳ ውስጥ እንደነበር ጽፌ ከቪዲዮው ጋር እልከዋለሁ። ጣቢያው ይዘጋል። የፊልቱዋን ልጅ ቤተሰብ ሀሺም እዚያው ስላለ ሄዶ ፊት ለፊት ይነግራቸዋል፤ የሚሉትን ይበሉን። ፉዚያን ሐዋሳ እወስዳታለሁ። ቦታ ይኖራል አይኖርም አላውቅም፣ ይኖራል ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም።

ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ። ክፍሉን ያቆምኩት በስንት ልፋት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እስካሁን እንኳ፣ ይህን እየጻፍኩ፣ ሌላ በር ይኖር ይሆን እያልኩ ግድግዳውን አያለሁ። የለም።

አሁን አደራ። ለፉዚያ ስትደውዪ ስለ ሥራው መጀመሪያ አትጠይቂያት፣ ስለ አዮ ጠይቂያት። ለአዮም ምንም እንዳታነሺ፤ በሩ እብጠቱ ለቀቀው እላታለሁ፣ እሷም እንዳመነችኝ ትሆናለች።

ለሚክዳድ ሰላምታዬ ይድረሰው፣ ሳሉን በማር ይያዘው፣ ሐኪሙንም አይተው። ለዒምራን፦ አክስትህ ስለ ትምህርትህ ጠየቀች በይው፣ የአዮን ቋንቋ እንዳይረሳም በይው፤ ስትመጡ ሰላም ስትለው መልስ የሚያጣ ልጅ እንዳታመጪብን። ከፎቁ ለምትጎራበትሽ ለሸምሳ ሰላም በያት። አዮ ደግሞ ደብዳቤ መጻፌን አውቃ «ከብቷን ጠይቂልኝ» ብላኛለች። ናይሮቢ ከብት የላትም ብላትም ጠይቂ አለችኝ። እንግዲህ ከብትሽ ናጋ?

እህትሽ ቀድሪያ

ነገሌ ቦረና፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ኦቦ ጂሎ አሁን ተነስተው ሄዱ።

የነገ ሥራ፦ ቁም ሳጥኑን የሚያነሱ ሁለት ሰዎች ከመናኸሪያው መጥራት። የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት መቀባት።